አብስትራክቱ ሌላ፣ ሰንጠረዡ ሌላ፦ የ«ጥናት 329» ጉዳይ

አብዛኞቻችን ጥናት «አነበብኩ» ስንል አብስትራክቱን፣ ማለትም ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ያለችውን አጭር ማጠቃለያ፣ አነበብን ማለታችን ነው። ይሄ ሚስጥር አይደለም። ሐኪሙ በር ላይ የተሰለፈ ታካሚ አለው። ተመራቂው ተማሪ ለአማካሪው የሚያስረክበው ጽሑፍ አለው። ጋዜጠኛው ሰዓት ደርሶበታል። ሙሉው ጽሑፍ አሥር ገጽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ካልከፈሉ አይከፈትም። አብስትራክቱ ግን በነጻ የሚገኝ አንዲት አንቀጽ ናት፣ መጨረሻዋ ላይ ድምዳሜው ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ታዲያ ማን ይደክማል?

ጥያቄው ያቺ አንቀጽ ከኋላዋ ያለውን ጽሑፍ ምን ያህል በትክክል ትወክላለች የሚለው ነው። በጥቅሉ ከማውራት አንድ ጉዳይ ይዤ እስከ መጨረሻው ብሄድ ይሻላል። የመረጥኩት «ጥናት 329» ተብሎ የሚታወቀውን ነው። ስለዚህ ጥናት ብዙ ተብሏል፣ የሚወራው ግን በአብዛኛው ስለ መድኃኒት ኩባንያው ነው። እኔን የሚስበኝ አብስትራክቱ ነው። ምክንያቱም እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለውን ችግር ለማየት የኩባንያ ሚስጥር ማውጣት አያስፈልግም ነበር፤ አብስትራክቱን ረጋ ብሎ ማንበብ ብቻ በቂ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ጥናቱን በአጭሩ። በዚያን ጊዜ ስሙ ስሚዝክላይን ቢቻም የነበረው፣ በኋላ ግላክሶ ስሚዝክላይን የሆነው ኩባንያ ፓሮክሴቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ነበረው። አሜሪካ ውስጥ ፓክሲል፣ እንግሊዝ ውስጥ ሴሮክሳት እየተባለ ይሸጣል። ለአዋቂዎች ተፈቅዶ በደንብ ይሸጥ ነበር። ለታዳጊዎች ግን ፈቃድ አልነበረውም። ስለዚህ ከ1994 እስከ 1998 መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካና በካናዳ ባሉ 12 የሕክምና ማዕከላት ሙከራ ተደረገ። ከባድ ድብርት ያለባቸው ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው 275 ታዳጊዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። 93ቱ ፓሮክሴቲን ወሰዱ። 95ቱ ኢሚፕራሚን የሚባለውን የቆየ መድኃኒት ወሰዱ። 87ቱ ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። ስምንት ሳምንት ሙሉ ማን የቱን እንደሚወስድ ታዳጊዎቹም አያውቁም፣ ሐኪሞቹም አያውቁም። እስከዚህ ድረስ ደህና የታቀደ ጥናት ነው።

ውጤቱ በጁላይ 2001 በአሜሪካ የሕፃናትና ታዳጊዎች የአእምሮ ሕክምና አካዳሚ ጆርናል ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ጸሐፊ የብራውን ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሐኪም ማርቲን ኬለር ነው፣ ከእሱ ጋር ሌሎች 21 ስሞች አሉ። የአብስትራክቱ ድምዳሜ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ወደ አማርኛ ስትመለስ እንዲህ የምትል፦ ፓሮክሴቲን በታዳጊዎች ከባድ ድብርት ላይ በአጠቃላይ በደንብ የሚቻልና ውጤታማ ነው።

በቃ። ይቺን ያነበበ ሐኪም ሌላ ምን ይፈልጋል?

አሁን ወደ ላይ እንመለስና ዘዴውን የሚገልጸውን ክፍል እንይ። አብስትራክቱ ራሱ ሁለት ዋና መለኪያዎች እንዳሉ ይናገራል። ዋና መለኪያ ማለት አጥኚዎቹ ውጤት ሳያዩ በፊት «መድኃኒቱ ሠራ ወይስ አልሠራም የምንለው በዚህ ነው» ብለው የመረጡት ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ተጨማሪ ነው። ሁለቱም ዋና መለኪያዎች የተመሠረቱት የሃሚልተን መለኪያ በሚባለው ላይ ነው፤ ሐኪሙ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ስሜት፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለመሳሰሉት እየጠየቀ ነጥብ ይሰጥና ይደምራል፣ ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ድብርቱ የከፋ ነው። አንደኛው ዋና መለኪያ «ምላሽ» ይባላል፦ ነጥቡ 8 ወይም ከዚያ በታች የወረደ፣ ወይም ደግሞ ከመነሻው ቢያንስ በግማሽ የቀነሰ ታዳጊ ምላሽ ሰጥቷል ይባላል። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ነጥቡ ከመነሻው በአማካይ ስንት ቀነሰ።

ቀጥሎ ውጤት የሚለውን ክፍል እንይ። ፓሮክሴቲን ከፕላሴቦ በልጦ የተገኘባቸው አራት ነገሮች ተዘርዝረዋል። የሃሚልተን ነጥብ 8 ወይም ከዚያ በታች መሆን። በዚያው መለኪያ ውስጥ ያለችው የድብርት ስሜት የምትለው አንዲት ጥያቄ። በሌላ መለኪያ ውስጥ ያለችው ተመሳሳይ ጥያቄ። እና ሐኪሙ በጥቅሉ «ብዙ ተሻሽሏል» ወይም «እጅግ ተሻሽሏል» ያለባቸው ታዳጊዎች።

የመጀመሪያውን ደግማችሁ እዩት። «8 ወይም ከዚያ በታች»። ዘዴው ላይ የነበረው «ወይም ቢያንስ በግማሽ የቀነሰ» የሚለው የት ገባ? ጠፍቷል። ለሁለት የተከፈለ መስፈርት ግማሹ ብቻ ቀርቶ፣ ላዩን ሲያዩት ዋናውን መለኪያ መስሎ ተቀምጧል። ፈጠን ብሎ የሚያነብ ሰው ከላይ «8 ወይም ከዚያ በታች» የሚል አይቷል፣ ከታችም «8 ወይም ከዚያ በታች» የሚል ያያል፣ ስለዚህ ዋናው መለኪያ ተሳካ ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው ዋና መለኪያ፣ የነጥቡ አማካይ ለውጥ፣ ውጤት ክፍሉ ውስጥ ጭራሽ የለም። አንዲት ቃል የለም። ሁለት ዋና መለኪያ አለን ብሎ የጀመረ አብስትራክት የሁለቱንም ውጤት ሳይነግረን ጨረሰ ማለት ነው።

ይሄ እንግዲህ ሙሉውን ጽሑፍ ሳንከፍት ነው።

ሙሉውን ስንከፍት ሰንጠረዡ ላይ ቁጥሮቹ አሉ። አልተደበቁም። ምላሽ የሰጡት ፓሮክሴቲን ከወሰዱት 66.7 በመቶ፣ ኢሚፕራሚን ከወሰዱት 58.5 በመቶ፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት 55.2 በመቶ ናቸው። ፓሮክሴቲን ከፕላሴቦ አንጻር ፒ ቫልዩው (መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ እንኳ ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል) 0.11 ነው፤ ከተለመደው የ0.05 መስፈርት በላይ ስለሆነ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው ማለት ነው። በአማካይ ነጥብ ለውጥም እንደዚያው፣ ስታቲስቲካዊ ትርጉም ያለው ልዩነት የለም። «8 ወይም ከዚያ በታች» ብቻውን ሲወሰድ ግን 63.3 በመቶ ለ46.0 በመቶ ይሆናል፣ ፒ ቫልዩውም 0.02። ለአብስትራክቱ የተመረጠው የቱ እንደሆነ አይታችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአብስትራክቱ ውጤት ክፍል ውስጥ ያለው ቁጥርና አገላለጽ አንዱም ውሸት አይደለም። 8 ወይም ከዚያ በታች የደረሱት እውነትም ይበልጣሉ። ማንም ቁጥር አልፈበረከም። ሐቅ አጣሪ ነኝ የሚል ሰው መስመር በመስመር ቢፈትሸው ሁሉንም «ትክክል» እያለ ያልፈዋል። ችግሩ ያለው በተመረጠውና በተተወው ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ሙሉውን ላላየ ሰው አይታይም።

ለፍትሕ ያህል፣ አብስትራክቱ አንድ የማይመቸውን ነገር ተናግሯል። ወላጆቹና ታዳጊዎቹ ራሳቸው በሞሏቸው መለኪያዎች ሁለቱም መድኃኒቶች ከፕላሴቦ እንዳልተለዩ በግልጽ ተጽፏል። ልብ ብሎ ላነበበው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ መሻሻሉን ያዩት ሐኪሞቹ ናቸው፣ ታማሚው ልጅም ቤት ውስጥ አብራው ያለችው እናቱም ልዩነት አላዩም። ግን ይቺ ዓረፍተ ነገር «ውጤታማ ነው» ከሚለው ድምዳሜ ጎን ተቀምጣ ማን ያስተውላታል? ድምዳሜው እንደሌለች ቆጥሯታል።

ጉዳት ወደሚለው ስንሄድ ነገሩ ይብሳል። አብስትራክቱ ስለ ፓሮክሴቲን ጉዳት የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቋረጡት 9.7 በመቶ ናቸው፣ ፕላሴቦ ላይ 6.9 በመቶ። የተቀራረበ ይመስላል። ኢሚፕራሚን ላይ ሲደርስ ግን ዝርዝር ይመጣል፤ 31.5 በመቶ አቋረጡ፣ ከእነሱም አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት በልብና በደም ሥር ችግር ነው ይላል። የተፎካካሪው መድኃኒት ጉዳት ዓይነቱ ሳይቀር ተነገረ። የፓሮክሴቲን ጉዳት ግን ምን ዓይነት እንደሆነ አልተነገረም። ቦታ አጥሮ ነው እንዳይባል ለኢሚፕራሚን ቦታ ተገኝቷል።

ሙሉው ጽሑፍ ውስጥ ግን ምን አለ? ከባድ የተባለ ጉዳት የደረሰባቸው ፓሮክሴቲን ላይ 11፣ ኢሚፕራሚን ላይ 5፣ ፕላሴቦ ላይ 2 ታዳጊዎች ናቸው። ከ93 ውስጥ 11 ማለት ወደ 12 በመቶ ነው፣ ከ87 ውስጥ 2 ደግሞ 2 በመቶ አካባቢ። ከ11ዱ አንዱ ራስ ምታት ነው፣ አሥሩ የአእምሮ ሁኔታ ናቸው። ከአሥሩ ውስጥ አምስቱ «የስሜት መዋዠቅ» በሚል ርዕስ ተመድበዋል፣ በቅንፍ ውስጥም ምሳሌው ተሰጥቷል፦ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ሙከራ መሰል ድርጊት። ቀሪዎቹ ድብርቱ የባሰባቸው፣ ጠበኛ የሆኑ፣ ከልክ ያለፈ ደስታ ውስጥ የገቡ ናቸው። ከ11ዱ ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘ ነው የተባለው ራስ ምታቱ ብቻ ነው። ይህን የወሰኑት ደግሞ ልጆቹን ያከሙት አጥኚዎች ናቸው።

ራስ ምታቱ!

እንግዲህ ይሄ ሁሉ አብስትራክቱ ላይ «በአጠቃላይ በደንብ የሚቻል» ሆኖ ወጣ። ልጁ ወይም ልጅቷ እንዲህ ያለ ጉዳት ለደረሰባቸው ቤተሰብ ይሄ አገላለጽ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም።

እንዴት እዚህ ተደረሰ? መልሱ በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር በወጡ ሰነዶች ታወቀ። በኦክቶበር 1998፣ ማለትም ጽሑፉ ከመውጣቱ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቀድሞ፣ ኩባንያው ውስጥ የተዘጋጀ ማስታወሻ ውጤቱ እንዳልተሳካ አውቆ ነበር። ማስታወሻው ውጤታማነቱ አልታየም የሚል ዓረፍተ ነገር ማስገባት ለንግዱ ተቀባይነት እንደሌለው ይገልጻል፤ የመድኃኒቱን ስም ይጎዳልና። የጽሑፉን የመጀመሪያ ረቂቅ ያዘጋጀውም ኩባንያው የቀጠረው የሕክምና ጽሑፍ ድርጅት ነው እንጂ ከላይ ስማቸው የተደረደረው ፕሮፌሰሮች አይደሉም። ጽሑፉ መጀመሪያ ጃማ ለሚባለው ትልቅ ጆርናል ተልኮ ውድቅ ተደርጓል። ያወጣው ጆርናል ገምጋሚዎችም ዝም አላሉም፤ ውጤቱ ውጤታማነትን በግልጽ አያሳይም የሚል አስተያየት ተሰጥቶ ነበር። እንዲያም ሆኖ ያቺ ዓረፍተ ነገር እንዳለች ታተመች።

በኋላ የጥናቱን የመነሻ ዕቅድ የመረመሩት አውስትራሊያዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ጁሬይዲኒና ባልደረቦቹ በ2008 ነገሩን በቁጥር አስቀመጡት። ዕቅዱ ላይ የነበሩት መለኪያዎች 8 ናቸው፤ 2 ዋና፣ 6 ተጨማሪ። በእነዚያ በስምንቱም ፓሮክሴቲን ከፕላሴቦ አልተለየም። ከዚያ ቢያንስ 19 ሌሎች መለኪያዎች ተሞከሩ። ከ27ቱ የተሳኩት 4 ናቸው። እነዚያ አራቱ ናቸው አብስትራክቱ ላይ የተሰለፉት። ፍላጻውን መጀመሪያ ወርውሮ፣ ያረፈበት ቦታ ላይ ክብ መሳል ማለት ይሄ ነው።

አብስትራክት ምን ሊያደርግ ይችላል የሚል ካለ፣ ቀጥሎ የሆነውን እንይ። ጽሑፉ በወጣ በወሩ፣ ኦገስት 2001 ላይ፣ ለሽያጭ ሠራተኞች በተላከ ማስታወሻ ጥናቱ «አስደናቂ» ውጤታማነትና ደህንነት እንዳሳየ ተነገራቸው፤ «አስደናቂ» የምትለው የእንግሊዝኛ ቃል በሙሉ በትልልቅ ፊደላት ተጽፋ። መድኃኒቱ ለታዳጊዎች አልተፈቀደም ነበር፣ ግን አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ያልተፈቀደለትንም በራሱ ውሳኔ ማዘዝ ይችላል። የኒውዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ባቀረበው ክስ ላይ እንደተጠቀሰው በ2002 ብቻ ለልጆችና ለታዳጊዎች ከሁለት ሚሊዮን በላይ የፓክሲል ማዘዣ ተጽፏል። ይሄ ሁሉ የመጣው ከአንድ አብስትራክት ነው አልልም። ግን አንድ ሐኪም «ማስረጃው የታለ?» ቢባል የሚያሳየው እሱን ነበር።

መልሱ ቀስ እያለ መጣ። በጁን 2003 የእንግሊዝ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ፓሮክሴቲን ከ18 ዓመት በታች ላሉ ድብርት እንዳይታዘዝ አገደ። በጁን 2004 የኒውዮርኩ ዐቃቤ ሕግ ኤልየት ስፒትዘር ኩባንያውን ከሰሱ፤ በኦገስት ኩባንያው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎና የሙከራዎቹን ውጤት ለሕዝብ ለማውጣት ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ። በኦክቶበር 2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የድብርት መድኃኒቶች በሙሉ በልጆችና በታዳጊዎች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ድርጊት ሊጨምሩ እንደሚችሉ የሚያስጠነቅቅ በጥቁር ሳጥን የተከበበ ማሳሰቢያ እንዲይዙ አዘዘ። በ2012 ደግሞ ግላክሶ ስሚዝክላይን ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በ3 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ። የተካተተው ፓሮክሴቲን ብቻ አይደለም፤ ግን ጥፋተኛ ነኝ ካለባቸው ነገሮች አንዱ ፓክሲልን ከ18 ዓመት በታች ላሉት ማስተዋወቁ ነው።

የዚህ ጉዳይ ምርጡ ክፍል ለእኔ 2015 ነው። በሴፕቴምበር ቢኤምጄ የሚባለው የእንግሊዝ ጆርናል የዚያኑ ጥናት መረጃ እንደገና የተነተነ ጽሑፍ አወጣ። ጁሬይዲኒና ሌላው የአእምሮ ሐኪም ዴቪድ ሂሊ ከነበሩበት ቡድን የመጣ ነው። ኩባንያው መረጃውን የከፈተላቸው በርቀት በሚታይ የኮምፒውተር ስክሪን ነበር፤ የታካሚዎቹ ቅጾች 77,000 ገጽ አካባቢ ናቸው። ሁሉንም ማየት ስላልቻሉ መርጠው የ93 ታዳጊዎችን ቅጽ ፈተሹ። በዕቅዱ ላይ የነበሩትን መለኪያዎች ብቻ ይዘው ሲያሰሉት የሃሚልተን ነጥብ በፓሮክሴቲን 10.7፣ በኢሚፕራሚን 9.0፣ በፕላሴቦ 9.1 ቀንሷል። ፒ ቫልዩው 0.20። ጉዳቱን ሲያዩ ደግሞ ፓሮክሴቲን ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ድርጊት፣ ኢሚፕራሚን ላይ የልብ ችግር ጨምሮ አገኙት። የእነሱ አብስትራክት ድምዳሜ ፓሮክሴቲንም በከፍተኛ መጠን የተሰጠው ኢሚፕራሚንም ለታዳጊዎች ከባድ ድብርት ውጤታማ ሆነው አልተገኙም፣ በሁለቱም ጉዳት ጨምሯል የሚል ነው።

እነዚያው 275 ልጆች ናቸው። ያው ስምንት ሳምንት። ሁለት አብስትራክት፣ ሁለቱም ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ፣ አንዱ የሌላው ተቃራኒ። የ2001ዱ ጽሑፍ የ2015ቱ ትንተና ሲወጣም አልተሻረም ነበር።

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ ልመለስ፤ አብስትራክቱ ጽሑፉን ወክሏል? መልሱ «የትኛውን ክፍል?» ነው። ጥናት 329ን በተመለከተ አብስትራክቱ የጽሑፉን ውይይትና ድምዳሜ በደንብ ወክሏል፤ እዚያም መድኃኒቱ ይሠራል ነው የሚለው። ያልወከለው ሰንጠረዡንና የጉዳት ዝርዝሩን ነው። ጽሑፉ ራሱ ደግሞ የመነሻ ዕቅዱንና እነዚያን 77,000 ገጾች አልወከለም። ስለዚህ «አብስትራክቱን ትተህ ሙሉውን አንብብ» የሚለው የተለመደ ምክር ግማሽ መንገድ ነው የሚያደርሰው። ሙሉውን ከፍቶ መግቢያና ውይይት ብቻ ያነበበ ሰው ያንኑ አብስትራክት ረዘም አድርጎ አነበበ እንጂ ሌላ ነገር አላገኘም።

ይሄ የአንድ ኩባንያ ገበና ብቻ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። አይደለም። በ1999 ጃማ ላይ የወጣ አንድ ጥናት ከስድስት ጆርናሎች፣ ከእያንዳንዳቸው 44 ጽሑፍ ወስዶ አብስትራክቱን ከውስጡ ጋር አመሳክሯል። ላንሴት፣ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል፣ ቢኤምጄ፣ ጃማ ራሱ ሁሉ አሉበት። አብስትራክቱ ላይ ያለ ቁጥር ከውስጡ ጋር ካልተስማማ ወይም ውስጡ ላይ ጭራሽ ከሌለ ጉድለት አለበት ይባላል። እንደ ጆርናሉ ከ18 እስከ 68 በመቶ የሚሆኑት ጉድለት ተገኘባቸው። አብዛኛው የመጨረሻ ሰዓት ጥድፊያ የሚያመጣው ዓይነት ስህተት ይመስለኛል፤ ውስጡ ሲታረም አብስትራክቱ ይረሳል።

የጥናት 329 ዓይነቱን ማስዋብ የለካው ሌላ ነው። በ2010 ኢዛቤል ቡትሮንና ባልደረቦቿ ዋና መለኪያቸው ያልተሳካ 72 ሙከራዎችን ወስደው ውጤቱ ከሆነው በላይ አምሮ የቀረበባቸውን ቆጠሩ። በአብስትራክት ድምዳሜ ላይ 58.3 በመቶ፣ በሙሉው ጽሑፍ ድምዳሜ ላይ 50 በመቶ። አብስትራክቱ ይብሳል፣ ሙሉው ጽሑፍም ግን ንጹሕ አይደለም። ከላይ ያልኩት ነገር በቁጥር ሲታይ ይሄን ይመስላል። ይኸው ቡድን በ2014 ደግሞ 300 ሐኪሞችን ፈተነ፤ ግማሾቹ ያማረውን የካንሰር ጥናት አብስትራክት፣ ግማሾቹ ማስዋቢያው የወጣለትን አነበቡ። ያማረውን ያነበቡት መድኃኒቱ ይጠቅማል ብለው የሰጡት ነጥብ ከ10 በአማካይ 0.71 በልጧል። የሰለጠኑ ሐኪሞች ናቸው እነዚህ። የሚያስቀው፣ ሙሉውን ማንበብ እፈልጋለሁ በማለትም ያማረውን ያነበቡት በልጠው ተገኙ። እንግዲህ ሰዓት ካገኙ ማለት ነው።

ጆርናሎቹም ነገሩን አላጡትም። በ2008 ኮንሶርት የሚባለው የሙከራ ዘገባ መመሪያ ለአብስትራክት ብቻ የተዘጋጀ ቅጥያ ወጣለት። ዋናው መለኪያ ይነገር፣ ውጤቱም ለእያንዳንዱ ቡድን ይሰጥ፣ ጉዳት ይጠቀስ፣ ገንዘቡን የሰጠው ይታወቅ ይላል። የ329ን አብስትራክት በዚህ ብትመዝኑት የሚወድቀው በዋናዎቹ ነጥቦች ነው። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ትልልቆቹ ጆርናሎች ቀድሞ ያልተመዘገበ ሙከራ አንቀበልም ስላሉ ዋና መለኪያው ተቀይሮ እንደሆነ ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ይቻላል። በ1994 ለተጀመረው ጥናት ይሄ አልነበረም፤ ዕቅዱ በኩባንያው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

እኛ አገር ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ይለያል። መመረቂያ ጽሑፍ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው የቀደሙ ጥናቶች የሚባለው ምዕራፍ በአብዛኛው ከአብስትራክት የተለቀመ ነው። ሰነፎች ስለሆንን ብቻ አይደለም፤ ሙሉው አይከፈትማ። ይሄን ለማቃለል የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ሂናሪ የሚባለውን አገልግሎት ጀምሯል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ከተመዘገቡ በነጻ ይጠቀሙበታል፣ የይለፍ ቃሉ ብዙ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ተማሪው ግን መኖሩን ሳያውቅ ይመረቃል። በአፍሪካ የሚካሄዱ ሙከራዎችን የሚመዘግብ የፓን አፍሪካ መዝገብም አለ፣ የእኛዎቹም እዚያ ይመዘገባሉ፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል።

ሙሉው ጽሑፍ ሲገኝ እኔ የማደርገው ቀላል ነው። መግቢያውን እዘለዋለሁ። ዘዴው ውስጥ ዋና መለኪያ የሚለውን ፈልጌ አሰምርበታለሁ፣ ከዚያ ቀጥታ ሰንጠረዡ ላይ ሄጄ ያንኑ መለኪያ እፈልጋለሁ፣ ከዚያ የጉዳቱን ሰንጠረዥ። አሥር ገጽ ማንበብ አያስፈልግም፣ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ድምዳሜውን የማነበው መጨረሻ ላይ ነው። የጉዳት ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ እንደ «የስሜት መዋዠቅ» ያለ ለስለስ ያለ ርዕስ ካየሁ ግርጌው ላይ ወይም ቅንፉ ውስጥ ምን እንዳለ አያለሁ።

ያለው አብስትራክቱ ብቻ ከሆነም ያቺው ነገር ትሠራለች። ዘዴው ላይ ዋና የተባለው መለኪያ ውጤቱ ላይ በዚያው አገላለጽ፣ ሳይሸራረፍ ተመልሶ መጥቷል? ካልመጣ፣ ወይም ግማሹ ብቻ ከመጣ፣ ወይም ዋናው የቱ እንደሆነ ከነጭራሹ ካልተነገረ፣ ለጸሐፊው ኢሜይል ጽፎ ሙሉውን መጠየቅ ነው፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ ከአብስትራክቱ ጋር አለ፣ ብዙዎቹም ይልካሉ። መልስ ካልመጣ ግን ያንን ጥናት መመረቂያ ጽሑፍ ላይ «ውጤታማ ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ ማስገባት አያዋጣም፤ ፈታኙ ሙሉውን አንብቦት ሊሆን ይችላል።